በደምሴ ከረጢት የተገኘው ገብስ

ዳኛ ሀብተማርያም ልጅ ሳሉ፣ ወንጀለኛ ለማውጣት አውጫጭኝ በተጠራበት ሜዳ ዳር ሁለት ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሰምተዋል። አንዱ «በጉባኤ የተጠየቀ የጎረቤቱን ፊት አይቶ ይመልሳል» አለ። «ታዲያ እንዴት ይጠየቅ?» አለው ሌላው። ዳኛው ግን መልሱን ረስተውታል።

ነገሩ ትዝ ያላቸው ደምሴ ጋፋት ታችኛው ምንጭ ዳር ተፈንክቶ ሞቶ በተገኘ ዕለት ነው። ደምሴ ደብረ ታቦር ላለው የጣሊያን ሐኪም ቤት በየቤቱ እየዞረ በሽተኛ ይቆጥር ነበር። ፊደል ስላልቆጠረ ለበሽተኛ ባቄላ፣ ለጤነኛ ገብስ ከየቤቱ ተቀብሎ ከረጢቱ ይከታል።

«ድጥ ነው የጣለው፣ አያ ሀብተማርያም» አለ ጭቃ ሹሙ መዝገቡ። «አውጫጭኝ ይጠራና አገሩ ይማል።»

«ድጥ ከሆነ ምን ያስምለዋል?»

ዳኛው ከረጢቱን ዘረገፉ። ሠላሳ ስምንት ገብስ፣ ሁለት ባቄላ። ዘጠኙ ገብስ ቀጭን ሥር አውጥቶ የደረቀ ነው። መልሰው ቋጠሩት። ከዚያ ደምሴ በሄደበት ሁሉ ዞረው እያንዳንዱን ለብቻው ሦስት ነገር ጠየቁ፦ ስንት ሰው ታመመ? ውኃ ከየት ይቀዳል? ጠላ አለ ወይ?

መዝገቡ ተቆጣ። «ከደምሴ የተጣላሁት ለመንገድ ሥራ ሰው የሚመለምል መስሎኝ ነው! ጠላ ደግሞ በዘር ወቅት ከየት ይመጣል?»

የደምሴ የድንበር ባላጋራ ወርቁ አቀረቀረ። «ልጄ ተኝታለች። ባቄላዋን በእጄ ሰጥቼዋለሁ። ከታችኛው ምንጭ ነው የምንቀዳ። ገብሱ ለዘር ነው፣ ጠላ የለም።»

ጠላ ሻጯ ጥሩወርቅ ሳቀች። «እኔ ቤትማ ምን ጠፍቶ፣ ጌታዬ! ገብሱን የጣሊያን ወታደሮች ካምፕ ይሰጠኛል። ውኃው እንደሁ ንጹሕ ነው፤ ለሁሉም በየደጁ ዞሬ ነግሬያለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ከወይራው ሥር ተሰበሰቡ።

«አሥራ አንድ ሰው ታሟል» አሉ ዳኛው። «አሥራ አንዱም ከታችኛው ምንጭ ይጠጣሉ፤ ከላዩ የወታደር በቅሎዎች ጋጣ አለ። ከላይኛው ምንጭ ከሚጠጣው አንድም አልታመመ። ከረጢቱ ውስጥ ግን ሁለት ባቄላ ብቻ ነው ያለው። ድጥ ሰው ይጥላል፣ ባቄላ አይሰርቅም።»

ሥር ያወጣውን ገብስ በመዳፋቸው አሳዩ። «ይህ ብቅል ነው። ባቄላውን ያወጣ ሰው በእጁ ያገኘውን ተካበት። ዘንድሮ ገብሱን ሁሉም ለዘር ቋጥሯል፤ ብቅል ያለው አንድ ቤት ነው።»

ዓይን ሁሉ ጥሩወርቅ ላይ ዐረፈ።

«ልገድለው አልነበረም!» አለች። «‹ምንጩ ይታጠራል› አለኝ። በዚያ ውኃ የተጠመቀ ጠላ ማን ይገዛኛል? ሦስት ልጅ ይዤ! ከረጢቱን ልነጥቀው ስል ገፋሁት፣ ድንጋዩ ላይ ወደቀ።»

«ልጄ ዛሬም ጠዋት ጠጥታለች» አለ ወርቁ።

«የደሙን ነገር ሸንጎ ያየዋል» አሉ ዳኛው። «ውኃው ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ንጹሕ ነው ብለሽ በየደጁ ያሳመንሽ አንቺ ነሽ። አንቺው በየደጁ፣ አንድ በአንድ፣ ቃልሽን መልሺ።»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አጠበቀች።

«እሺ» አለች። «ከወርቁ ቤት ልጀምር።»