ወንድሜ ያልሆነው

ልብስ ሰፊዋ የሰፋችውን በኢንተርኔት ለመሸጥ ብላ ፕሮግራሚንግ ጀመረች። አባቷ የመርሳት ሕመም ስላለባቸው ጥላቸው መውጣት አትችልም፤ ወጣቱ አስተማሪዋ ቅዳሜ ቅዳሜ እቤቷ ይመጣ ነበር።

«ማፕና ፊልተር የሚባሉት ትዕዛዞች ተምታቱብኝ» አለችው አንድ ቀን። «ኮምፒውተሩን ከሸሚዞቹ ነጮቹን ብቻ አውጣልኝ ስለው፣ አዎ፣ አይደለም፣ አዎ እያለ ያሾፍብኛል!»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ የተሰቀሉትን ሸሚዞች አሳያት።

«ማፕ ለሁሉም ቁልፍ እንደ መትከል ነው። የገባው ሁሉ ይወጣል፣ ግን ተለውጦ። ፊልተር ደግሞ አንዱንም አይለውጥም፤ የፈለግሽውን መርጦ ያወጣልሽና ሌላውን ይተወዋል። አንቺ ‹ነጭ ነው ወይ?› ብለሽ በማፕ ስትጠይቂው፣ በየሸሚዙ ቦታ መልሱን አስቀመጠልሽ።»

«አንተ ልብስ ሰፊ መሆን ነበረብህ።»

«ቀጣሪ አጥቼ ነው።»

ዓይናቸው ተጋጨ።

ይኼኔ አባቷ ግድግዳውን እየተደገፉ ብቅ አሉ። ወጣቱን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ልጄ! መጣህልኝ?»

በመኪና አደጋ የሞተው ወንድሟ መስሏቸው ነው። ልታርማቸው አፏን ስትከፍት ወጣቱ ቀደማት።

«አቤት አባዬ፣ መጣሁ።»

ልቧ የተሸነፈው ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጢማቸውን የሚላጫቸው፣ ፀሐይ የሚያሞቃቸው እሱ ሆነ። ፍቅራቸውም ሥር ሰደደ። አንድ ቀን ግን እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አባትየው ደረሱባቸው።

«ምን ጉድ ነው! እህትህን?» ብለው ጮኹ።

ወጣቱ ደንግጦ ተንበረከከ። «አባዬ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም። ልጅዎ አርፏል።»

ሽማግሌው መርዶውን ገና እንደሰማ ሰው ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። በማግሥቱ ሁሉንም ረስተው፣ «ወንድምሽ ዛሬም አልመጣ?» አሏት።

«ወንድሜ ሆነህ ና ካልሽኝ እሞክራለሁ» አላት ወጣቱ በሩ ላይ ቆሞ።

«አንተ ትችል ይሆናል። እኔ አንተን ወንድሜ ብዬ መጥራት አልችልም። እሳቸውንም በየጊዜው መርዶ ላረዳቸው አልችልም።»

ጉንጯን ዳበሳት። ደረጃውን ወረደ። ቆይታ ሌላ ከተማ ሥራ እንደያዘ ሰማች።

አባቷ አሁንም ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጠይቋታል።

«ልጄ የት ሄደ?»

«ሥራ ሄዷል፣ አባዬ።»

«ይመጣል?»

የስፌት መኪናዋን ታቆምና በመስኮቱ መንገዱን ታያለች።

«ይመጣል» ትላቸዋለች።

እሳቸው አምነዋት ያሸልባሉ። እሷ ግን ከመስኮቱ ዓይኗን ሳትነቅል ትቆያለች።