አሮጌው አውድማ ላይ የሠራሁት ማድፈጫ

በመንፈስ፣ በዛር፣ በቀትር ጋኔን አምኜ አላውቅም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣ የማወራህን ሰምተህ ስትጨርስ «ይሄ ሰውዬ ድሮም ነካ ያደርገው ነበር» እንድትል አልፈልግም። ጊንጪ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ወፍጮ ቤት የያዝኩ ሰው ነኝ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የማያወራው የሰይጣን ወሬ እንደሌለ ታውቃለህ፣ የኔ መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፣ «እህልሽን አምጪ፣ ጋኔኑን እዚያው ቤትሽ ተይው»። አንድ ነገር ደግሞ ያዝልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል፤ ግራ ጆሮዬ ጨርሶ አይሰማም፣ ቀኙም ቢሆን ግማሽ ነው፣ አምቦ ያየኝ ሐኪም «ሞተሩ ነው የበላብህ፣ አይመለስም» ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ተናድጄ ነበር፣ ተናድጄ ስልህ የአንድ ቀን ንዴት አይደለም፣ ሁለት ዓመት የከረመ ነው። አባታችን ሲሞት ታላቅ ወንድሜ ግርማ እኔ ሳልደርስ ቀበረው። ጠዋት አርፎ ከሰዓት በኋላ አፈር ለበሰ፣ እኔ በዚያ ሰዓት የሰው ጤፍ እየፈጨሁ ነበር። ማታ ሞተር አጥፍቼ ከሚስማር ላይ ኮቴን ሳነሳ ስልኬ ላይ የግርማ ጥሪ ተደርድሮ አገኘሁት፣ ስደውልለት «ደወልንልህ፣ አላነሳህም» አለኝ፣ በቃ። እስቲ አንተ ፍረደኝ፣ ከአባቴ ቤት እስከ ጊንጪ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ሰው አይላክም? ወፍጮ ሥር የምውል ደንቆሮ መሆኔን የማያውቅ ይመስል ስልክ ይደወልልኛል? ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሼ» ማለቱን ትቼ በስሙ ብቻ ጠራሁት፣ ኋላም መጥራቱንም ተውኩት።

ሽማግሌዎች ገብተው ማሳውን ለሁለት ከፈሉልን፣ ታችኛው ከነቤቱ ለሱ፣ ላይኛው ከነአሮጌው አውድማ ለኔ፣ የአባባ ጠመንጃም ፈቃዱ ወደ ስሜ ዞሮ ለኔ ሆነ። በሳምንቱ ግርማ በጎረቤታችን በኦቦ ዳባ እጅ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ላከልኝ። ስፈታው የአባባ ገሳ ነው፣ ያ ገበሬ ዝናብ ላይ የሚደርበው ከሣር የተሠራ ካባ፣ ጫፉ ተበጣጥሷል፣ ከሱ ጋር ቃል የለ፣ ሰላምታ የለ። ጠመንጃውን ስለወሰድኩ «ላንተ ይህ ይበቃሃል» ማለቱ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

እንግዲህ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንዴዬ ታጭዶ ነዶው ማሳው ላይ እንደተከመረ፣ የመውቂያ ማሽኑ ተራ እስኪደርሰኝ አንድ ሳምንት ሲቀር፣ ከርከሮ ገባበት። አመሻሽ ላይ ከገደል ይወጣና ክምሩን በአፍንጫው ገልብጦ፣ የሚበላውን በልቶ የቀረውን ረግጦ ይሄዳል። የሚገርምህ፣ ጠዋት ስሄድ ከተበተነው ነዶ ግማሹ ተለቅሞ ወደ ክምሩ ተጠግቶ አገኘው ነበር፣ አጫጆቹ መስለውኝ አልጠየቅኩም፣ የተናደደ ሰው ደግ ነገር አይታየውም። የልጆቼ የዓመት ቀለብ ነው፣ አድፍጬ ልገድለው ወሰንኩ።

ማድፈጫ አሠራር ያስተማረኝ አባባ ነው። የታጨደ ማሳ ላይ መደበቅ ከባድ ነው፣ ዛፍ የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፣ ከአጨዳ የተረፈው አገዳ ከጉልበት አያልፍም፣ ስለዚህ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው የሚሠራው። ስቀመጥ አንገቴ ድረስ እንዲውጠኝ አድርጌ ቆፈርኩ፣ አፈሩን በጆንያ ተሸክሜ ርቄ ደፋሁት፣ አዲስ አፈር ከሩቅ ይጠቁራልና። ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት አጉብጬ ተከልኩ፣ በላዩ ጆንያ ወጠርኩ፣ ጆንያው ላይ ከዚያው ማሳ የነቀልኩትን አገዳ በእፍኝ በእፍኝ እያሰርኩ ሰካሁበት፣ ከሌላ ማሳ ካመጣህ ቀለሙ ይለይና እንስሳው ያውቅብሃል። ገለባ ላይ ከተቀመጥክ ይንኮሻኮሻል ብዬ ውስጡን ጨርቅ አነጠፍኩ፣ ጠረኔ እንዳይቀድመኝ አፉን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዞርኩ። ጣራ ሲጎድለኝ ገሳው ትዝ አለኝ፣ ቀለሙ ቁርጥ ማሳውን ነው። «ግርማ ለስድብ የላከውን እኔ ለከርከሮ አዋልኩት» እያልኩ አራት ቦታ በሲባጎ፣ በድርብ ቋጠሮ ጠፍሬ አሰርኩት፣ እመነኝ፣ የኔ ቋጠሮ የኩንታል አፍ ሲይዝ ነው የኖረው።

ቦታው ታዲያ አሮጌው አውድማ ላይ ነበር፣ ክምሩ ከዚያ ጥርት ብሎ ይታያል። ቁፋሮው ላይ እያለሁ ኦቦ ዳባ በመንገዱ ሲያልፉ ቆሙ፣ የአባባ እኩያ ናቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ታደሰ» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ዳባ?»

«አውድማ ላይ በጫማ? ማሎ፣ እባክህ አውልቅ እንጂ ልጄ። ደግሞስ አውድማ ይቆፈራል?»

«ማሽን ከመጣ ወዲህ አውድማ ማን ይፈልጋል?»

«አውድማው ማሽን መምጣቱን አያውቅማ» አሉ ሳይስቁ። «ከወንድምህ ጋርስ እንዴት ናችሁ?»

ይህን ጊዜ ንዴቴ ገነፈለ፣ እዚያው ቆሜ በግርማ ላይ ያላልኩት የለም፣ «የአባታችንን ቀብር ያስቀረብኝን የራሱንም ቀብር አልቆምለትም» እስከማለት ደረስኩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አውድማ ላይ እንዲህ አይወራም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ትሉ የለም እንዴ እናንተ፣ ቂም ይዞ አደንም ያው ነው» ብለውኝ ሄዱ።

ወጉን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፣ አውድማ ላይ በጫማ አይገባም፣ «አለቀ» አይባልም፣ አይጣሉበትም፣ ይህን ጡት ሳንጥል ነው የሰማነው። ጫማዬን ግን አላወለቅኩም፣ እንዲያውም ለእልህ ረገጥ ረገጥ አደረግኩት።

ማድፈጫ እንደተሠራ አይገባበትም፣ እንስሳው እንዲለምደው ሁለት ሦስት ቀን ይተዋል። በማግስቱ ጠዋት ላየው ሄጄ ጎንበስ ስል፣ ያነጠፍኩት ጨርቅ ሰው እንደከረመበት ጎድጉዷል፣ በስተግራ ያለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የስንዴ እብቅ ተቆልሏል፣ ከእብቁ ጎን አንዲት ቁንጥር የጸዳ ፍሬ ተቀምጣለች። አባባ የስንዴ ዛላ በመዳፉ አሽቶ፣ እፍ ብሎ ሲበላ፣ ከጎኑ ማንም ባይኖር እንኳ አንድ ቁንጥር ለሚመጣ ሰው ብሎ ያስቀምጥ ነበር። ይህን ከኔና ከግርማ ሌላ የሚያውቅ የለም። መፍራት ሲገባኝ ተናደድኩ፣ ወንድሜ ሊቀልድብኝ ነው ብዬ ፍሬውን ከነእብቁ በጫማዬ በተንኩት። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው፣ እብቅ፣ ቁንጥር ፍሬ። ጨርቁን ብዳስሰው ሞቅ ይላል፣ ፀሐይ ገና አልወጣችም።

በዚያው ቀን ወደ አመሻሹ ጠመንጃዬን ይዤ ገባሁ። ለከርከሮው ነው እንዳልልህ፣ ልቤ ግማሹ ግርማን አፍንጫውን ይዤ የማወጣበትን ቀን ነበር የሚጠብቀው። ፀሐይዋ ጠልቃለች፣ ማሳው ላይ የቀረው ያ ቢጫ ብርሃን ብቻ ነው። ተቀምጬ ትንሽ እንደቆየሁ ድምፅ ሰማሁ። ሽር፣ ሽር፣ ሽር። መዳፍ ከመዳፍ ሲታሽ። ቀጥሎ እፍታ። የሰማሁት በየት በኩል መሰለህ፣ በግራ ጆሮዬ፣ በዚያ ሐኪም ቁርጡን በነገረኝ። ዞር ብል ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጆንያ በቀር ምንም የለም።

«ግርማ፣ ውጣ» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

ድምፁ ተቋረጠ። ትንፋሼን ስውጥ እንደገና ጀመረ፣ ሽር፣ ሽር፣ አሁን ወደ ትከሻዬ ቀርቦ። ተነስቼ እንዳልሮጥ እልሄ ያዘኝ። በዚህ መሀል ነው ክምሩ አጠገብ አንድ ጥቁር ነገር ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ሲንቀሳቀስ ያየሁት፣ ቆም ይላል፣ ያጎነብሳል፣ ወደኔ ይጠጋል፣ ከርከሮ ነው። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ የማውቀው ነገር በመምጣቱ ደስ አለኝ። ጠመንጃውን ደገንኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ጣቴን ምላጩ ላይ አሳረፍኩ፣ ልስበው አንዲት ቅንጣት ሲቀረኝ ገሳው ወረደብኝ።

ወደቀ አላልኩህም፣ ወረደ። ነፋስ አልነበረም። ከነክብደቱ ትከሻዬ ላይ አረፈና ጫፉ በአፈሙዙ ላይ ተጠቀለለ፣ ዓይኔን ጋረደኝ፣ ያ የጨቀየ ሣር ሽታው አፈነኝ፣ ኅዳር ውስጥ፣ ዝናብ ሳይኖር፣ ገሳው እርጥብ ነበር። እየተሳደብኩ ስታገል ቆይቼ ጭንቅላቴን ሳወጣ፣ ከርከሮው በሁለት እግሩ ቆሟል፣ ጥቁር ካፖርት ለብሷል፣ በሁለት እጁ ነዶ ታቅፏል።

ግርማ ነው።

ጠመንጃውን እንዴት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አፌ ግን አልከዳኝም፣ እሱንም ራሴንም ተሳደብኩ፣ «ልገድልህ ነበር እኮ፣ ልገድልህ፣ ለምን አትጣራም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ጠራሁህ እኮ» አለ፣ ነዶውን እንዳቀፈ። «ከታች ጀምሮ ስምህን እየጠራሁ ነው የመጣሁት። አንተስ ከጠቀስከኝ በኋላ ለምን ትደግንብኛለህ?»

«ማን ነው የጠቀሰህ?»

«አንተ ነሃ። ገሳውን ለብሰህ አውድማው ላይ ቆመህ፣ ና እያልክ በእጅህ ጠቀስከኝ። ታርቀኸኝ መስሎኝ ነው የቀረብኩት። ማታ ማታ ነዶህን እየለቀምኩ ሳታየኝ ነበር የምሄደው።»

እኔ ከዚያ ጉድጓድ አልወጣሁም። ገሳውም ጣራዬ ነበር። ይህን ስነግረው አውድማው ጠርዝ ላይ ጫማውን አወለቀ፣ እኔም ሳላስበው አወለቅኩ። ማድፈጫው አጠገብ በባዶ እግራችን ቆመን ነው ሁለት ዓመት ያልጠየቅኩትን የነገረኝ። አባባ የሞተው እዚያ ላይ ነው፣ ያለወቅቱ የጣለ ዝናብ ክምሩን እንዳያበላሽበት ገሳውን ደርቦ ወጥቶ፣ አውድማው ላይ ቁጭ እንዳለ፣ መዳፉ ውስጥ የታሸ ስንዴ እንደያዘ። ግርማ ገሳውን የላከልኝም የአባባ የመጨረሻ ልብስ ስለሆነ ነው፣ «ከጠመንጃው ይልቅ እሱ ይሻላል ብዬ ነው» አለኝ። በቀብሩ ቀን ደግሞ ስልክ ብቻ አልነበረም፣ ግርማ ራሱ በባጃጅ መጥቶ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠርቶኛል፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ስላልዞርኩ «ሰምቶ ነው የናቀኝ» ብሎ ተናዶ ተመልሷል።

«ገብተህ ትከሻዬን ብትነካኝስ?» አልኩት። «ትከሻ ለመንካት ምን ያስፈልጋል ጋሼ?»

እስከ ዛሬ በዚህ እንደተናደድኩበት ነኝ፣ በራሴም እንደዚያው፣ ታርቀናል ግን ንዴቱ የትም አልሄደም።

ለመሄድ ስንነሳ ጋሼ ገሳውን ከጉድጓዱ አነሳው። አራቱም ቋጠሮዎች እንደታሰሩ ናቸው፣ ሲባጎው አልተበጠሰም፣ አልተፈታም። ከሥሩ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ እብቅ አለ፣ ከእብቁ ጎን የጸዳ ፍሬ፣ በዚህኛው ጊዜ ሁለት ቁንጥር፣ ተራርቀው። ጋሼ አንዷን አንስቶ አፉ ውስጥ ጨመራት። እኔ አልቻልኩም፣ የኔን በክብሪት ሣጥን አድርጌ ወፍጮ ቤት አመጣኋት፣ እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ ናት፣ የአገር እህል እየፈጨሁ ስውል እሷን መብላትም መጣልም አቃተኝ።

አሁን የማያስተኛኝን ልንገርህ። ገሳውን አፈሙዜ ላይ ያወረደው አባባ ነው ብዬ ብቀበል ደስ ባለኝ፣ ጋሼም የሚለው እሱን ነው። ግን ወንድሜን በእጁ ጠቅሶ ወደ ጠመንጃዬ አፍ ያመጣውስ ማነው? ያም አባባ ከሆነ ምን ሊያደርገን ነበር? አባባ ካልሆነ፣ በዚያ አውድማ ላይ ያንን ክፉ ቃል ስናገር ማን ሰምቶኝ ነበር? አንድ ቀን ብሽቀቴ ሲበዛብኝ፣ ወፍጮው እየሠራ፣ «ምንድን ነው የምትፈልገው?» ብዬ ወደ ክብሪት ሣጥኗ ጮህኩ፣ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ዞር ብለው አዩኝ፣ ሞተሩ እያጓራ ስለነበር መልስ ኖሮም ከሆነ አልሰማሁም።

ሞተሩን ሳጠፋው ነው ችግሩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ በግራ ጆሮዬ ሽር፣ ሽር ይላል፣ እፍታም ይከተለዋል። ስለዚህ እህል ባይኖርም አላጠፋውም። ባዶውን ሲሽከረከር ድንጋዩ እርስ በርሱ ተፋጭቶ እንደሚበላ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ጊንጪ ብትመጣና ማታ ላይ ደንበኛ የሌለበት ወፍጮ ሲጮህ ብትሰማ፣ የኔ ነው።