ከመቶው አምስት ብቻ

ጂንካ ውስጥ ዳርጌ የሸመነው ጋቢ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነበር። ሚስቱ ሙሉነሽ እየፈተለች፣ እሱ እየሸመነ፣ አንዲት ልጃቸውን ሐናን ያስተምሩ ነበር። ባይደላቸውም ተርበው አያውቁም። ታዲያ ያ ክፉ ሳል ከየት መጣ? ምን በደሉ? በ1976 ዓ.ም. ክረምት ዳርጌ ደም ተፋ። ሳንባው ተጎድቷል፣ መርፌው ለወራት መቋረጥ የለበትም ተባለ። መርፌው ደግሞ በገንዘብ ነው!

ዳርጌ ከታላቅ ወንድሙ ከወርቅነህ በቀር ዘመድ አልነበረውም። ወላጆቻቸው ጨንቻ ሲሞቱ በጀርባው አዝሎ ያሳደገው እሱ ነው። አሁን ጨውና ምላጭ ወደ አርቦሬ እያወረደ፣ ቅቤና ቆዳ እያመጣ ይነግዳል። "እኔ እጄ ላይ የለኝም፤ ከባለሱቁ ከጎሳዬ ተበድሬ ላምጣላችሁ" አለና ሁለት መቶ ብር አመጣ። ወለዱ ግን በወር ከመቶው አስር ብር ነበር።

ወር በገባ ቁጥር ሃያ ብር በወርቅነህ እጅ ወደ አበዳሪው ይሄዳል። ዳርጌ መቀመጥ ሲያቅተው የሽመና ዕቃው ተሸጠ። ሐና ትምህርቷን ትታ ከእናቷ ጋር እንጨት ተሸከመች። በአሥራ አራት ወር ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ከፈሉ... ዋናው ሁለት መቶ ብር ግን እንዳለ ነው!

"ጋሼ ወርቅነህ፣ በጌታ ይሁንብህ፣ ለምንልን" አለች ሙሉነሽ። "ከመቶው አምስት ብቻ ያድርግልን። የተረፈችውን ለመርፌ እናደርጋታለን።"

"ያልለመንኩት መሰለሽ? ሰውየው ድንጋይ ነው።"

"እሺ፣ ሰባት ይሁን..."

"እምቢ ብሏል አልኩሽ እኮ፣ ሙሉ!" አላት ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ።

በዚያው ሳምንት ባሏ መርፌውን ከተወ ሁለት ወር እንዳለፈው ደረሰችበት። የመርፌውን ገንዘብ ለወለዱ ይሰጥ ነበር። "ካልከፈልን ጋሼን ነው የሚያዋርዱብኝ" አላት። የወሩን ሃያ ብር በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ አበዳሪውን ራሷ ልትለምን ወጣች።

የጎሳዬ ሱቅ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ነው። ገና ከመግባቷ እግሩ ላይ ወደቀች። "አባቴ፣ ከመቶው አምስት ያድርጉልን! የዳርጌ ሚስት ነኝ፣ የወርቅነህ ወንድም ሚስት!"

ሽማግሌው ደንግጦ አነሳት። "ልጄ፣ ምኑን ልቀንስልሽ? ወርቅነህ ከእኔ አምስት ሳንቲም ተበድሮ አያውቅም፤ የራሱ ገንዘብ ሞልቶት።"

ሙሉነሽ ያን ጊዜ ገባት። ገንዘቡ የራሱ የወርቅነህ ነበር! ያ ሁሉ "ለመንኩት"፣ ያ ሁሉ "እምቢ አለ" ውሸት ነበር! ወርቅነህ ቤት ስትሮጥ አርቦሬ ወርዷል ተባለች። በሃያው ብር መርፌ ገዝታ፣ እያለቀሰች፣ ሁሉንም ለባሏ ልትነግረው ወደ ቤቷ ገሰገሰች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን የዳርጌን የደከመ ድምፅ ሰማች። "ጌታ ሆይ፣ ስለ እኔ ሰው ደጅ የሚንከራተተውን ወንድሜን ባርክልኝ..." እያለ ይጸልያል። ምላሷ ላይ የደረሰውን ቃል እንደ እሳት ዋጠችው።

መርፌው ግን ዘግይቷል። በዘጠነኛው ቀን ወርቅነህ ከአርቦሬ ተመልሶ ሲገባ ዳርጌ ትንፋሹ ተቆራርጧል። የወንድሙን እጅ ፈልጎ ያዘ።

"ጋሼ... ስለ እኔ ብዙ ተዋረድክ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

እነዚህን ቃላት ተናግሮ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በወንድሙ እቅፍ ውስጥ አረፈ። ወርቅነህ እንደ ሕፃን ጮኸ!

ቀብሩ በሆነ በሦስተኛው ቀን ወርቅነህ ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ይዞ በሙሉነሽ ፊት ተንበረከከ። "ገንዘቡ የእኔ ነበር። ንግዱ እንዳይጎድልብኝ ብዬ... ቢያውቅ እንዳያፍርብኝ ብዬ በሰው ስም ወለድ ተቀበልኳችሁ።"

"አውቄው ነበር" አለችው። "ጎሳዬ ዘንድ ሄጄ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?"

"ጤናው ሄደ፣ ሥራው ሄደ፤ አንተ ብቻ ነበርክ የቀረህለት። አንተን ደግሞ እኔ ልውሰድበት?"

ወርቅነህ ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ አለቀሰ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፤ ዳርጌ የሁለቱም ሰው ነበርና አብረው አለቀሱት። ብሩን ለሐና ትምህርት ብላ ተቀበለች። ይቅርታውን ግን ያን ቀን አልሰጠችውም፤ ዓመታት ፈጀባት።

ወይ ዕድል! ሙሉነሽ የለመነችው በወር አሥር ብር እንዲቀነስላት ነበር። ያቺ አሥር ብር የሰው ሕይወት የምታህል ሆና ኖሯል? ዳርጌ ወንድሙን እያመሰገነ በሰላም ሄደ፤ ያ ምስጋና ግን ወርቅነህን እስኪሞት ድረስ እንቅልፍ ነሳው።