የእናቶቻችን ድምፅ፣ በቀጥታ ከመድረክ

«ማይኩ ተዘግቶ ነው የምትይዢው» አላት ለይኩን። «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፣ ድምፁን ለእኛ ተይው።»

ሀዊ ከመድረኩ ጀርባ፣ በሸራውና በኤሌክትሪክ ገመዱ መሀል ቆማ አፈጠጠችበት። ወይ ጉድ! ታዲያ ለልምምድ እየተባለ ከላምበረት ሲግናል ስትመላለስ የከረመችው ለምን ኖሯል?

«የማንን ድምፅ ነው የምትለቁት?»

«የላክሽልኝን ነዋ! የአክስትሽን። ሳውንድ ማኑ አጽድቶት ፏ ብሏል። ያንቺን ድምፅ ከውስጡ ቆርጦ ጥሎ ከበሮ ጨምሮበታል። ብትሰሚው ትደነግጫለሽ።»

ሀዊ ሳትሰማውም ደነገጠች።

ለይኩን የፌስቲቫሉ አዘጋጅ ነው። በሁለት ስልክ ያወራል፣ ሰው ሲያወራው ግን አንዱንም አያስቀምጥም። እንጦጦ ግርጌ የሚደረገውን ይህን የባህል ፌስቲቫል ሊያስተዋውቅ ትምህርት ቤታቸው መጥቶ፣ የባህል ክበቡን ልጆች «ኦሪጅናል የሆነ ዘፈን የሚያውቅ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እጇን ያወጣችው ሀዊ ነበረች። «አዳዳ ሙሚና ታውቃለች» አለች። አዳዳ ማለት በእነ ሀዊ ቤት በሚነገረው ኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው።

አዳዳ ሙሚና ድሮ የካ ተራራ ሥር ገብስ ታርስ ነበር፣ አሁን ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች። በዓል ሲመጣ ከድሮ ጎረቤቶቿ ጋር ተሰብስባ ዘፈን ታወጣለች፣ እነሱ ይቀበላሉ። ሀዊ ያንን ዘፈን ቤት ውስጥ በስልኳ ቀዳችው። አዳዳ እያወጣች፣ እሷ እየተቀበለች። ለይኩን ሲሰማው «ወርቅ ነው! ሴትዮዎቹን እንዳሉ መድረክ ላይ እናወጣቸዋለን» ብሎ ዘለለ። ሀዊም ሮጣ አዳዳንና ጎረቤቶቿን ለመድረኩ ጠራቻቸው። ወዲያው ከመገናኛ እስከ ወሰን የሀዊ ፊት ያለበት ባነር ተሰቀለ። «የእናቶቻችን ድምፅ፣ በቀጥታ ከመድረክ!» ይላል።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ሐሳቡን ቀየረ። «ስፖንሰሩ ወጣት ፊት ነው የሚፈልገው። እናቶቹ ካሜራ ላይ ከበድ ይላሉ። አንቺ በዘዴ ንገሪያቸው፣ እሺ?»

እሺ አለች። አልነገረቻቸውም። ልትነግራት ወደ መናኸሪያው በሄደች ቁጥር አዳዳ ሙሚና ለቆሎ ሻጮቹ «ሰው ፊት የምታቆመኝ ልጅ ይቺ ናት!» እያለች ታስተዋውቃታለች። ለእንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተደርጎ ይነገራል? ሲመጡ ለይኩን አይጨክንባቸውም ብላ ራሷን ሸነገለች። ዛሬ ነገ ስትል ይኸው ቀኑ ደረሰ።

ሸራው ተገለጠና ዶርቃ ገባች። የክፍሏ ልጅ ናት፣ ባጅ አንጠልጥላ በር ላይ እንግዳ የምታስተናግደው እሷ ነች።

«ሀዊ፣ አክስትሽ መጥተዋል። ከነጓደኞቻቸው። ጥበቃው አላስገባም ብሏቸዋል።»

«ስለ ትኬት ነው?»

«ትኬትማ ሲላቸው ‹የተጠራ ሰው ደግሞ ይጠየቃል ወይ?› ብለው ሳቁበት። ጣጣው ምግቡ ነው። ትልቅ ሌማት ሙሉ ጭኮ ይዘው መጥተዋል። ‹ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው› ብሎ ጥበቃው ሌማቱን መሬት አስቀመጠባቸው። ኧረ ሼም ነው፣ ነይ!»

ድግስ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፣ ይህን ማንም አስተምሯቸው አያውቅም፣ እንዲሁ የሚያውቁት ነው። ሴቶቹ ገብስ ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ ቅቤ አንጥረው ለለይኩን ድግስ ጭኮ ይዘው መጡ። እሱ ደግሞ ግቢው ውስጥ በርገር ያስሸጣል።

«ለይኩን፣ አክስቴ በር ላይ ናት። አስገባቸው።»

«አልነገርሻቸውም እንዴ?» ስልኩን ከጆሮው አነሳ። «አቦ ሀዊ! በቃ ከፕሮግራሙ በኋላ ፎቶ እናነሳቸዋለን። አሁን ሙድ አታበላሺ፣ አራዳ ሁኚ። የሚቀጥለው ሀዋሳ ነው፣ እዚያም ፊቱ አንቺ ነሽ።»

ሀዋሳን ፈልጋዋለች። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ፈልጋዋለች። ስሟ ተጠራ፣ እሷም ወጣች።

መድረኩ ከፍ ያለ ነው። ከላዩ ሆና ሕዝቡን አልፋ፣ አጥሩን አልፋ አየች። አዳዳ ሙሚና አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ሌማቱ አጠገብ ቆማለች። ሴቶቹ ከኋላዋ ተደርድረዋል። ባነሩ ላይ ያለውን የሀዊን ፊት አንዷ ለሌላዋ እየጠቆመች ትስቃለች። ኩራት የሞላበት ሳቅ ነበር።

ከበሮው ተመታ። ከዚያ የአዳዳ ሙሚና ድምፅ ከስፒከሩ ወጣ። ሀዊ ማይኩን አስጠግታ አፏን ከፈተች።

ዘፈኑ የጥሪ ዘፈን ነው። አንዷ ትጣራለች፣ የቀሩት እንደ «ወዬ» ያለች አጭር መልስ ይመልሱላታል፣ ሳይመለስላት ወደሚቀጥለው አትሄድም። መልሱ ያረፈበት ቦታ ግን ተቆርጦ ወጥቷል። ሕዝቡ አያውቀውም፣ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ይቀርጻል። ድምፁ ሲጣራ ግን ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሴቶች ለምዶባቸው መለሱ። አዳዳ ሙሚና ብቻ አልመለሰችም። ስፒከሩን ሰማች፣ የሀዊን አፍ አየች፣ ደግሞ ስፒከሩን ሰማች። ቀስ ብላ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ሴቶቹን ዝም አሰኘቻቸው።

ድምፁ እንደገና ተጣራ። የመለሰ የለም። ሀዊ አፏን ገጠመች። ዘፈኑ ያለ እሷ ቀጠለ፣ ከፊት ያሉት ልጆች ጭራሽ አጨበጨቡ። እፍረቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ጆሮዋ ድረስ ተሰማት። ማይኩን ወለሉ ላይ አስቀምጣ በደረጃው ወረደች።

«ወዴት ነሽ? እየተቀረጸ ነው እኮ!» አለ ለይኩን። አልዞረችም። በሩ ላይ ጥበቃው «ከወጣሽ መመለስ የለም» አላት። ወጣች።

ምን እንደምትል ግን አላሰበችበትም። ስፒከሩ ሲጣራ ሌላ ነገር ቢጠፋባት፣ እዚያው አጥሩ ሥር ቆማ፣ በሙሉ ጉሮሮዋ፣ ብቻዋን መለሰች።

«ለዚያ ሳጥን ነው የምትመልሺው?» አለች አዳዳ ሙሚና። «እኔ እዚህ ነኝ ያለሁት።»

«አዳዳ፣ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። ግን እንዲህ ያደርጉታል ብዬ…»

«የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲሉ እሰማ ነበር። አንቺንስ አድምቆሻል፣ እሰይ።» ጎንበስ ብላ የሌማቱን ክዳን አስተካከለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ያ ነው የከፋው። «እንደማያስገቡን ታውቂ ነበር?»

ሀዊ ዶርቃን አየች፣ መሬቱን አየች። «አላውቅም» ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር፣ ደግሞም ያምኗታል።

«አውቅ ነበር» አለች።

አንደኛዋ ሴትዮ የቀሚሷን ጠርዝ ከአቧራው ሰበሰበች።

«እኔስ ዘመድሽ ነኝ፣ ሰማሁሽ» አለች አዳዳ በመጨረሻ። «እነዚህ ግን ሥራቸውን ትተው፣ ቤታቸውን ዘግተው የመጡት የሙሚና ልጅ ጠራችን ብለው ነው። ለእነሱ ንገሪያቸው። እኔ አልነግርልሽም።»

ከውስጥ አስተዋዋቂው «ለእናቶቻችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» ይላል። ሴቶቹ ወደ ሀዊ ዞረው ይጠብቃሉ። ሀዊና አዳዳ የተባባሉትን በስፒከሩ ጩኸት አልሰሙም፤ ገና አልገባቸውም፣ ሁለቱ እንዲያውም ፈገግ ብለውላታል።

በአማርኛ ብትናገር ይገባቸዋል። በአማርኛ ደግሞ ነገር ማሳመር ታውቅበታለች፤ ለይኩንን፣ ስፖንሰሩን፣ ጥበቃውን እያስገባች ጥፋቷን ማሳነስ ትችላለች። ኦሮምኛዋ ግን የልጅ ኦሮምኛ ነው፣ ያደረገችውን አደረግሁ ከማለት በቀር ሌላ አያስኬዳትም።

በኦሮምኛ ጀመረች።