ግድግዳውን እንዳትነኩት

በግድግዳ የቀናሁ ሴት ነኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ስሟን አጣርቼ፣ ሰፈሯን ጠይቄ፣ ቢያንስ በጎሪጥ አያት ነበር። ግድግዳን ምን ይሉታል?

ነገሩ የጀመረው በደርግ ጊዜ፣ ዶሮ ማነቂያ በነበረችው የቀበሌ ቤታችን ነው። የሳሎናችን ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰንጥቆ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ሓዳስ ይታደስልኝ ብላ ባመለከተች ቁጥር «በእቅድ ተይዟል» ይሏታል። እቅዱ እቅድ ሆኖ ሲቀር ስንጥቁ ግን ሰፋ።

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ የቀበሌው ጥበቃ አንድ ቀጭን ወጣት አስከትሎ መጣ። ገነነ ይባላል፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ መሐንዲስ ነው ተባልን። እናቴ እልል ማለት ነው የቀራት። ልጁ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰና ከቦርሳው የክብሪት እንጨት የምታህል ስስ መስታወት አውጥቶ ስንጥቁ ላይ አግድም በጀሶ ለጠፋት።

«ይህች ከተሰበረች ግድግዳው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው» አለን።

«ታዲያ መቼ ታድሰዋለህ ልጄ?» አለች እናቴ።

«አላድሰውም እማማ። አጠናዋለሁ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄ ሰው ምንድን ነው የሚለው?»

«መሬቱ ክረምትና በጋ ቤቶቹን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ነው የማጠናው። ብቻ አደራ፣ ግድግዳውን እንዳትነኩት» ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገነነም ይመጣል። ማስመሪያውን ያወጣል፣ በአጉሊ መነጽር ያያል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። እኔ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ነበር የምሠራው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። አንድ ቀን ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ቀዩን ሹራቤን ለብሼ አጠገቡ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ይቅርታ ምብራት፣ ትንሽ ፈቀቅ ትይልኝ? ጥላሽ ወደቀበት» አለኝ።

ጎረቤታችን አሰፋች በአጥር ማዶ ሰምታ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ አሾፈችብኝ። «ይሄ ልጅ ሽማግሌ የሚልከው ለግድግዳው ነው እንዴ?»

ከገና በኋላ ኬክ ቤቱም መምጣት ጀመረ። ማኪያቶ ያዛል፣ እስኪቀዘቅዝ ያወራል፣ ቀዝቃዛውን ይጠጣል። ወሬው ስለ ጥናት ነው። አንዱ ጓደኛው በፀሐይ ኃይል በርበሬ የሚያደርቅ ሳጥን ሠርቷል። አንዷ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ጥርስ ለምን እንደሚበልዝ ለማወቅ የጉድጓድ ውሃ ትመረምራለች። ሌላው ከጤፍ ጭድ ጣውላ እሠራለሁ ብሎ የትምህርት ክፍሉን ምድጃ አበላሽቷል። በሰኔ ሁሉም በአንድ ጉባኤ ያቀርባሉ።

«የኔ ከተወደደልኝ እዚሁ አስተማሪ ሆኜ እቀራለሁ። ካልሆነ ክፍለ ሀገር ይመድቡኛል» አለኝ። ከዚያ እኔን እያየ «ክፍለ ሀገር መሄድ አልፈልግም» አለ። ያለ ማስመሪያ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር። የጸዳውን ባንኮኒ እንደገና ወለወልኩት።

ሆሳዕና ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ እስከ ጊዮርጊስ ሸኘሁት። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስንደርስ ቆመ።

«እውነቱን ልንገርሽ? እንዲህ ያለ ስንጥቅ በየሳምንቱ አይለካም። በወር አንዴ ይበቃዋል።»

«ታዲያ ለምን በየሳምንቱ ትመጣለህ?»

መሬት መሬት ያያል። በመጨረሻ «ዳግም ትንሣኤ ሲያልፍ ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ደስታ ደስታ ነው፤ ግን በጋው እስኪያልቅ ይህን ቃል በሆዱ ይዞ ሲለካ የከረመውን ሰው ምን ላድርገው?

እናቴ ስትሰማ ብዙ አላሰበችም። «ጨዋ ልጅ ነው። ግን ያለኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ክፍለ ሀገር አልሰድሽም። አዲስ አበባ ከቀረ ይውሰድሽ።»

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ሳምንት አርብ ከሥራ ስገባ ሳሎኑ አዲስ ጭቃ ሸተተኝ። እናቴና አሰፋች እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጭቃ ሆኖ ይስቃሉ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ተመርጎ፣ በኖራ ተቀብቶ ያበራል። ስንጥቁ የለም። መስታወቷም የለችም።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«በተሰነጠቀ ቤት ሽማግሌ ልቀበል? ሰው ምን ይለኛል?»

«እንዳትነኩት ብሎሽ አልነበረም?»

«እሱ ያኔ እንግዳ ነበር። አሁን እኮ ለራሱ ክብር ነው።»

ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ገነነ ማስመሪያውን ይዞ ገባ። ግድግዳውን አየ። እናቴ እስኪያመሰግናት ቆማ ትጠብቃለች። እጁን ዘርግቶ ኖራውን ቀስ አድርጎ ነካ።

«በጣም ያምራል እማማ» አለ።

ተከትዬው ወጣሁ። «ተቆጣ እንጂ። አንድ ነገር በል።»

«እሪ በከንቱ ሰፈር ሌላ ቤት የለጠፍኩትን መስታወት ድግምት ነው ብለው ነቀሉት። ሌላው ቦታ ልጆች ሰበሩት። የቀረኝ የእናንተ ነበር። ዋናው ደግሞ ዝናቡ ሲገባ የሚታየው ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ የቀረውን ቁጥር ጻፈው። የግድግዳውን ጠባይ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ማን ያያል?»

«ያልለካሁትን?»

«ክፍለ ሀገር ቢመድቡህ እናቴ ላንተ አትድረኝም። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ያልለካሁትን ግን መጻፍ አልችልም ምብራት።»

እዚያው መንገድ ላይ ባንቀው ደስ ባለኝ። እንደዚያን ቀን ወድጄውም አላውቅም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እናቴ ግድግዳዋን አስደግፋ አስቀመጠቻቸውና የሰኔው ጉባኤ ይለፍ፣ አዲስ አበባ መቅረቱ ይታወቅ ብላ መለሰቻቸው።

ሰኔ ላይ ፈቃድ ወስጄ ጉባኤው ላይ ከኋላ ተቀመጥኩ። የበርበሬው ሳጥን ተጨበጨበለት። ገነነ ተራው ሲደርስ ሰሌዳው ላይ የስንጥቁን ልኬት መስመር አሳየ፤ መስመሩ ሚያዝያ ላይ ይቆማል። ለምን ቆመ ብለው ጠየቁት።

«ቤቱ ለሽማግሌ አቀባበል ስለተመረገ ልኬቱ ተቋርጧል» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

ክፍለ ሀገር፣ ጎሬ ተመደበ።

ወሬውን ለእናቴ ነገርኳት። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ስንጥቁ ኖራውን ሰንጥቆ በነበረበት መስመር ወጥቶ ነበር። ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «አዲስ አበባ ሊያስቀረው የነበረውን ነገር በገዛ እጄ መረግኩት» አለች። ያን ቀን እራት አልበላችም።

ገነነ ተስፋ አልቆረጠም፤ ለጎሬ ከመነሳቱ በፊት ሽማግሌዎቹን መልሶ ላከ። እናቴ ምን እንደምትል አልነገረችኝም፤ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኋት። ከጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ስንጥቁ ላይ የተሰበረ ብርጭቆ ቁራጭ በሊጥ ተለጥፏል። አግድም መሆን ሲገባው እናቴ ሽቅብ ነው የለጠፈችው፤ መቶ ዓመት ቢቆይ አይሰበርም።

ትልቁ ሽማግሌ ለመናገር ሊነሱ እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሲሰዱ እናቴ ብድግ አለች።

«አባቴ፣ ግድግዳውን እንዳይነኩት። የአማቼ ሥራ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ገና ምንም አልጠየቁም ነበር።