መቶ አንገት ያለው ዳኛ

ውሃ ባጣ በዘጠነኛው ቀን የእሾህ ቅጥሩ ቅጠሉን ማርገፍ ጀመረ።

በአርሞና ምድር ከዚህ የከፋ ምልክት የለም። ቅጥሩ ሕያው ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እሾሁ ጦር ይሆናል፣ ሲጠማ ጭራሮ። ከማዶው ሙሬ የሚባሉ አውሬዎች አሉ። ዐይን የላቸውም፤ የሰው ሽታ ተከትለው ይመጣሉ። አራት መቶ ዘብ ቅጥሩ ላይ ቆሟል።

አርሞና ያላት ምንጭ አንድ፣ ቦይዋ መቶ ነው። ውሃው በአንድ ጊዜ በአንድ ቦይ ብቻ ይሄዳል፤ ከፋፍለው ከለቀቁት ኀይሉ ይሞታል። ተራውን የሚፈርድ ሰው አይደለም። በምንጩ ዋሻ ውስጥ የተኛው ጎርማ ነው፤ ገላው ድንጋይ የሚመስል፣ ለእያንዳንዱ ቦይ አንድ አንገት ያለው ፍጡር። ብዙ የጠበቀ ቦይ አንገቱ ይነሣል፤ ጠጥቶ በአፉ ያለውን የድንጋይ ጽዋ የሞላ አንገቱ ይወርዳል። ከሁሉ ከፍ ላለው የቦዩ በር ይከፈትለታል። ማንም አያዘውም። ራሱ ያያል፣ ራሱ ያስተካክላል። ስለዚህ በአርሞና በውሃ የተጣላ ሰው አልነበረም።

አሁን ግን አንድ ሰው ዳኛውን አታሏል።

ሊቀ ተራ አዝሞን፣ የምንጩ ሹም፣ ሦስት ሰው ጠሩ። ወርዳ የዘቦች አለቃ ናት፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቃሏ ጥቂት። ጉንዴ የቦይ ጠራጊ ነው፤ አባቱም አያቱም ቦይ ጠራጊዎች ነበሩ። ሐርማል የሃያ ዓመት ወጣት ዘብ ነው፤ ታላቅ ወንድሙም ቅጥሩ ላይ ከቆሙት አንዱ ነው።

«ወደ ዋሻው ሂዱና ያታለለውን እጅ አግኙ» አሉ ሊቀ ተራ። «ሦስት ያደረግኋችሁ አንዱ ሁለቱን እንዲጠብቅ ነው። ማንኛችሁንም አላምንም። ማሉ!»

አንድ በአንድ ማሉ፦ «እጄ የጎርማን አንገት ነክቶ እንደሆነ እጄ ይድረቅ፣ ዘሬ ይጥፋ!»

የሦስቱም መሐላ እውነት ነበር።

በጉዟቸው ሁለተኛ ቀን ጨው ገደል ደረሱ። በላዩ ያለው የሐረግ ድልድይ አርጅቷል።

«እኔ መጨረሻ ልሻገር» አለ ጉንዴ።

«ለምን?» አለ ሐርማል።

«ሆዴን አታይም? ቢበጠስ እናንተ ተሻግራችኋል።»

«ወይም ከኋላችን ልትቆርጠው።»

«አንተ ልጅ፣ እናትህ ጡት ስትሰጥህም መጀመሪያ አስምለሃታል?»

ወርዳ ገመድ አወጣችና ሦስቱንም ወገባቸው ላይ አሰረቻቸው። ቋጠሮው ድርብ ነበር፤ ለዘብ አለቆች ብቻ የሚያስተምሩት ዐይነት። ሐርማል ጣቶቿን ተመለከተ።

«እንግዲህ ስንወድቅ ተራ የለም» አለ ጉንዴ።

ከድልድዩ ማዶ አንድ ሙሬ ጠበቃቸው። ቅጥሩ ሳይወድቅ በየት እንደገባ አልታወቀም። በሐርማል ላይ ሲዘል ወርዳ በጦር አንገቱን ወጋችው። ሐርማል አመሰገናት። ግን ከዚያ በኋላም ከፊቱ እንድትሄድ እንጂ ከኋላው እንድትሆን አልፈቀደም።

ቀትር ላይ ዋሻው ገቡ። ጎርማ ተኝቷል፤ መቶው አንገት ብቻ ይወጣል፣ ይወርዳል። ከሁሉ ከፍ ያለው ወደ ሕሙማን ቤት የሚሄደው ቦይ አንገት ነበር። በሩ ተከፈተ፤ ውሃው ወደ ድንጋይ ጽዋው ወረደ። ጽዋው ሊሞላ አንድ ጣት ሲቀረው፣ በገመድ የተንጠለጠለ ድንጋይ ወደቀና በሩን ዘጋው። ጎርማ ጽዋውን አየ። አልሞላም። አንገቱን ይበልጥ ከፍ አደረገለት። በሩ እንደገና ተከፈተ።

ጉንዴ አፏጨ። «አይ ብልኀት! ሊጠግብ ሲል አፉን ይጠርጋል። ዳኛው ደግሞ ‹ይህ ምስኪን ገና አልቀመሰም› ይላል።»

ሐርማል ወደ ገመዱ ቀረበ። ቋጠሮው ድርብ ነበር። ጦሩን አዙሮ ወርዳ ደረት ላይ ደገነ።

«አለቃዬ፣ ይህ የእርስዎ እጅ ሥራ ነው።»

«ነው።»

«ምለዋል!»

«አንገቱን አልነካሁም። በር ላይ ገመድ አሰርሁ።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «ልጄ ሊያሬ ሙሬ ከነከሳት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። በሕሙማን ቤት ተኝታለች፤ እስትንፋሷን ያቆየው ይህ ውሃ ነው፤ በሙሉ ጽዋ ጥቂት በጥቂት እየዳነች ነበር። በዚህ ወር አንድ ቀን ተራው ዘገየና ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ ተራ መጠበቅ አቃተኝ። ቅጥሩ ትልቅ ነው፣ ጥቂት ቢቀነስበት አይሞትም አልሁ።»

«ወንድሜ እዚያ ላይ ነው!»

«አራት መቶውም ልጆቼ ናቸው። አውቃለሁ።»

ጉንዴ ገመዱን በጠሰው። ጽዋው ሞላ፤ የሕሙማን ቤት አንገት መውረድ ጀመረ። የቅጥሩ አንገት ግን ከጎኑ እንደ ደረቀ ቅል ተጋድሞ አልተንቀሳቀሰም።

«ይህ ያለ ልክ ጠብቆ መጠበቂያ ኀይሉ አልቆበታል» አለ ጉንዴ፤ ቀልዱ ጠፍቶ ነበር። «የሚያነሣው መጠበቅ ነው። ሰው ከነካው የዚያን ሰው መጠበቅ ይወስዳል፤ መንካት የተከለከለው ለዚህ ነው። አያቴ ነክቶ ነበር። ሴት አያቴ ከገበያ ስትመለስ በሩን አልከፈተላትም። ማን እንደሚመጣለት አያውቅም ነበር።»

ሐርማል እጁን ዘረጋ። ወርዳ ገፋችው።

«አንተ ምን ጠብቀህ ታውቃለህ? ምሳ?»

ወደ ሁለቱ አንገቶች ሄደች። ሐርማል የጦሩን ጫፍ ጀርባዋ ላይ አስጠጋ። የሕሙማን ቤቱን አንገት ለልጇ ብታነሣ፣ ቅጥሩ እስከ ማታ ይወድቃል። እጇ ከዚያ አንገት በላይ ደርሶ ቆመ።

«ጦርህን አጥብቀህ ያዝ» አለች ሳትዞር። «እኔም ራሴን አላምንም።»

ከዚያም ሁለት መዳፎቿን የቅጥሩ አንገት ላይ አሳረፈች።

አንገቱ ተንቀጠቀጠ። ዐሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ጊዜ ገባበት። ከዘጠና ዘጠኙ በላይ ተነሣ፤ ውሃው እየጮኸ ወደ ቅጥሩ ሄደ። ሐርማል ጦሩን የጣለው ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ቀን ቅጥሩ ጠጣ። ሙሬዎቹ ሲዘሉ እሾህ ሆኖ ተቀበላቸው። የሐርማል ወንድም በሕይወት ተገኘ። ሊቀ ተራ ወርዳን ለፍርድ ጠርተው ማንንም የማይጠብቅ ፊቷን ካዩ በኋላ ቅጣቱ ይበቃታል ብለው ወደ ቅጥሩ መለሷት።

የሕሙማን ቤት ከእንግዲህ የሚያገኘው የራሱን ተራ ብቻ ነበር። ግን በተራው ጽዋው እስከ አፉ ይሞላል፤ ገመዱ እንዲህ ሞልቶ እንዲጠጣ አንድ ቀን እንኳ አልፈቀደለትም ነበር። በሦስተኛው ሙሉ ጽዋ ሊያሬ ዐይኗን ገለጠች።

በእግሯ መቆም ስትችል ወደ ቅጥሩ በር መጣች። ወርዳ ጦሯን አጋደመችባት።

«ማን ነሽ? ማንን ትፈልጊያለሽ?»

«እናቴን። ወርዳን።»

ወርዳ ልጅቷን ከራስ እስከ እግር መረመረቻት፤ መሣሪያ የደበቀች እንደሆነ እጅጌዋን ዳሰሰች።

«ወርዳ እኔ ነኝ። ልጅ የለኝም። ማን ላከሽ?»

ሐርማል ከማማው ላይ ሆኖ ሰማ።

ሊያሬ አላለቀሰችም። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ማንም አላከኝም» አለች። «እጠብቃለሁ።»