የእንግዳ ክር

በኦርዜን መንግሥት የፀነሰች ሴት ሆድ ያበራል። ሽሉ ምስር ሲያክል ከቆዳዋ ሥር ጭላንጭል ይታያል። ብርሃኑ ወርቅማ ከሆነ ቤቱ በእልልታ ይሞላል። አመዳማ ከሆነ ግን ልጁ ተወልዶ በእግሩ ሳይሄድ አጥንቱ ድንጋይ ይሆናል፤ እናቲቱም ከከተማው ትባረራለች። ሕጉ «አጥንት የእናት ውርስ ነው» ይላልና።

የዜልካ ሆድ በመከር ዋዜማ አመዳማ አበራ።

የነገዱ አለቃ ታርቃን በከተማው በር ቆሞ ፍርዱን ሲሰጥ ድምፁ ደክሞ ነበር። «ልጄ፣ ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም። ሁለት እህቶቼንም በዚሁ በር ሸኝቻለሁ። በሽታው ካንቺ ነውና ሂጂ።»

ባሏ ናሆር የታርቃን ብቸኛ የልጅ ልጅ ነበር። ሰይፉን መሬት ላይ ተክሎ ተንበረከከ። «በአባቶቼ ስም እምላለሁ! ወደ ኤልፋት ዋሻ ወጥቼ የሰውን ዘር የምትፈትለዋን እለምናለሁ። ልጄን በሕይወት ካልያዝኩ በዚህ በር አልገባም!»

«እሷ ዘንድ ሄዶ የተመለሰ የለም።»

«አያቴ፣ ወደ እሷ የሄዱት ያባረራችኋቸው ሴቶች ብቻ ናቸው። ወንድ መቼ ሄደ?»

ይህን የሰማው በር ጠባቂ ጎርዳይ ቁልፉን ከአለቃው እግር ሥር ጣለ። ጎርዳይ ከበረሃ ማዶ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው ሽማግሌ ወታደር ነው። «ጌታዬ፣ ለእርጉዝ ሴት ይህን በር መክፈት ሰልችቶኛል። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ሦስቱም ወጡ። አዋላጆች እንደነገሯቸው የሽሉ አጥንት ሳይጠና መድረስ ነበረባቸው። ስለዚህ የመንገዱን ርዝመት የሚለኩት በልጁ ነበር። የዛጎል በረሃን ሲያቋርጡ በብርሃኑ ውስጥ የሚታየው እጅ እንደ ዳክዬ እግር የተያያዘ ነበር። የጨው ሐይቁን ዞረው ሲጨርሱ ጣቶቹ ተለያዩ። የዐይኑ ቆብ በተከደነ ሰሞን ስንቃቸው አለቀ። የዜልካ እግር ስላበጠ ጫማዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትሄድ ነበር።

«ዛሬስ ምን እያደረገ ነው?» ይላል ጎርዳይ ጠዋት ጠዋት።

«ጋሼ፣ አውራ ጣቱን ይጠባል።»

«ታድሎ! እኔ የምጠባው እንኳ አጣሁ።»

በኤልፋት ድልድይ ላይ ቅርፊታም አንበሳ ጠበቃቸው። ናሆርና ጎርዳይ ከረፋድ እስከ ማምሻ ተዋጉት። ሰይፍ ቅርፊቱን አልበሳውም፤ አንበሳውም ከጋሻቸው ጀርባ ሊያወጣቸው አልቻለም። በመጨረሻ ከጎርዳይ ክንድ ሥጋ ቦጭቆ፣ እያለከለከ ወደ ገደሉ ወረደ። ማንም አልፎከረም። ቁስሉን አሥረው ወደ ዋሻው ገቡ።

የሰውን ዘር የምትፈትለው ኤልፋት ሁለት እባብ ነበረች፤ ከራስ እስከ ጅራት እንደ ገመድ እርስ በርሷ የተጠማዘዘች። አንዱ አፏ ሲናገር ሌላው ያዛጋል።

«በመጨረሻ ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ፤» አለች። «ሴቶቹ ብቻቸውን ሲመጡ ችግሩን በግማሹ ብቻ ነበር የማየው። ሌላው ግማሽ ከተማ ቀርቶ ይፈርዳል።»

በጅራቷ ጫፍ የዜልካን ሆድ ብትነካው ብርሃኑ ተፍታቶ ሁለት ክር ሆነ፤ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት። በሁለቱም ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ያው አመዳማ ዘለላ ነበር።

ናሆር የራሱን ክር ትኩር ብሎ አየ። «እኔ እኮ ጤነኛ ነኝ።»

«እሷም ጤነኛ ናት። ዘለላው ብቻውን ሲሆን ይተኛል። ከነገዳችሁ ውጭ ስለማትጋቡ ግን አንዱ ሌላውን ያገኘዋል፤ ሁለት ሲሆኑ ይነቃሉ። አንዱን ካወጣሁ ልጁ ይድናል። ነገር ግን ዘለላውን ለይቼ ማውጣት አልችልም፤ የሚመዘዘው ክሩ በሙሉ ነው፤ ክሩ የተመዘዘበትም ዳግም ዘር አይኖረውም። በምትኩ ወራሽ ሳይተዉ በዚህ መንገድ ከሞቱት የአንዱን ክር እገምዳለሁ። የማን ይመዘዝ?»

በኦርዜን ሕፃን ሲወለድ የነገዱ አለቃ አቅፎት፣ «ግንባሩ የእገሌ፣ አፍንጫው የእገሌ» እያለ የአባቶቹን መልክ ይጠራል። መልኩ ያልተጠራ ልጅ የአባቱን ቤት አይወርስም። ከናሆር በቀር ደግሞ ለታርቃን ቤት የቀረ ሰው አልነበረም።

«የእኔን ምዘዢ፤» አለች ዜልካ። «ናሆር፣ ግድ የለም፣ አንተን ይምሰል።»

«የተሸከምሽው አንቺ ነሽ። እኔ ምን አደረግሁ? አጠገብሽ ሄድኩ እንጂ።»

«አንበሳ ተዋግተሃል።»

«አንበሳው ደክሞት ነው የሄደው፤» አለ ጎርዳይ ከተኛበት።

ናሆር ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆይቶ፣ «የእኔ ይሁን» አለ።

ክሩ ሲመዘዝ ከደረቱ ውስጥ አንድ ነገር አብሮ የተጎተተ መሰለው። ብርሃኑ ጠፋ። ዜልካ ጮኸች። ኤልፋት በጨለማው ውስጥ ዝም ብላ ገመደች፣ ገመደች። ከዚያ ወርቅማ ጭላንጭል ቀስ ብሎ ተመለሰና ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራገጠ።

ልጁ የተወለደው የጎርዳይ ክንድ እስኪድን በዋሻው ቆይተው ሲመለሱ፣ በጨው ሐይቁ ዳር ነው። ከተማው በር ሲደርሱ ታርቃን ቆሞ ጠበቃቸው።

«አያቴ፣» አለ ናሆር፣ «በሽታው በእኔም ውስጥ ነበር። ምናልባት በእርስዎም ውስጥ ይኖራል። እህቶችዎ ጥፋት አልነበረባቸውም።» በዋሻው ያየውንም ሁሉ ነገረው።

ሽማግሌው ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ ዞረ። «ከእንግዲህ በዚህ በር ሴት አትባረርም» አለ። ከዚያ ሕፃኑን ተቀበለ። ግንባሩን አየ፣ አፍንጫውን አየ፣ ጆሮውን በጣቱ ዳበሰ። የሞተውን ልጁን፣ የናሆርን አባት፣ ይፈልግ ነበር። አገጩ የዜልካ ነው፤ የቀረው ማንም የማያውቀው ሰው መልክ ነበር። ሊጠራ የተከፈተ አፉ ባዶውን ተዘጋ።

«ቤታችን ባንተ አበቃ፣ ናሆር።»

«አውቃለሁ።»

«እግሩስ? ይንቀሳቀሳል?»

«ሌሊቱን ሙሉ ሲራገጥ ያድራል። እንቅልፍ ከተኛን ቆየን።»

ታርቃን ሕፃኑን አልመለሰላቸውም። «እንግዲያው ግቡና ተኙ፤» አለና፣ እንዳቀፈው በግንቡ ጥላ ሥር ተቀመጠ።